ቁጡ ዓሣ ጎረቤት ይመረጥለታል

ከልጆቻችሁ ጋር የጌጥ ዓሣ ወደሚሸጥበት ሱቅ ጎራ ብላችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ የልጆቹ ጣት መጀመሪያ ወዴት እንደሚያመለክት መገመት አያስቸግርም። ወደ ደማቆቹ ነው። ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ ብርቱካንማው፣ ባለ ጥቁር መስመሩ። አራት ሳንቲ ሜትር እንኳ የማይሞሉ፣ በአንድነት ወዲያ ወዲህ የሚሉ፣ ሲያዩዋቸው የሚያሳሱ ናቸው። "ከዚህኛው ሁለት፣ ከዚያኛው ሁለት፣ ያንን ባለ መስመሩንም አንድ" ይባላል። "ግን ይስማማሉ?" የሚል ጥያቄ ቢነሳ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ "ምንም ችግር የለውም" ነው። በፕላስቲክ ከረጢት ታስረው ወደ ቤት ይገባሉ።

ሻጩ ዋሸ ማለት አይቻልም። በዚያ ዕድሜያቸው በእርግጥ ይስማማሉ። ችግሩ የሚመጣው ከወራት በኋላ፣ ዓሦቹ ለአቅመ መራባት ሲደርሱ ነው። አንዱ የአኳሪየሙን ግማሽ የግሉ ያደርጋል፤ ሌሎቹ ማዕዘን ይዘው ይቆማሉ፤ ክንፋቸው ይቦጫጨቃል። አንድ ቀን ጠዋት ልጃችሁ ስም አውጥታ የምትጠራው ዓሣ ውሃው ላይ ተንሳፎ ይገኛል። ለወላጅ ከባዱ ነገር የዓሣው ዋጋ አይደለም፤ "ለምን ሞተ?" ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ነው።

በዚህ ወር ዓምዳችን የምናወራው እንግዲህ ስለ እነዚህ ቁጡ ውበቶች፣ ስለ ሲክሊዶች ነው። ከማን ጋር ሊኖሩ ይችላሉ? ከማንስ ጋር በጭራሽ አይኖሩም? ላስጨብጣችሁ የምፈልገው ዋና ነገር አንድ ነው፤ የአኳሪየም ሰላም የሚገኘው "ገራም ዓሣ" በመፈለግ አይደለም። ሰላሙ ዓሣው ከመገዛቱ በፊት፣ በወረቀት ላይ፣ በእናንተ ይሠራል።

ቆሮሶን የሚያውቅ ሲክሊድን ያውቃል

ስሙ ባዕድ ይምሰል እንጂ ቤተሰቡን በደንብ እናውቀዋለን። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ተቀምጣችሁ የበላችሁት፣ ከዝዋይም ከጣናም የሚወጣው ቆሮሶ ሲክሊድ ነው። ወንዱ ቆሮሶ በሐይቁ ዳርቻ አሸዋውን ቆፍሮ ጎድጓዳ ስፍራ ያዘጋጃል፤ ያንን ስፍራም ከሌሎች ወንዶች ይከላከላል። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ ልጆቿም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ቦታ መያዝ፣ ቦታን መከላከል፣ ልጅን መጠበቅ የዚህ ቤተሰብ መለያ ጠባይ ነው። ቁጣቸውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

በአኳሪየም የሚያዙት ሲክሊዶች በብዛት ከሦስት አካባቢዎች የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው የምሥራቅ አፍሪካ ታላላቅ ሐይቆች፣ በተለይም ማላዊና ታንጋኒካ ናቸው። ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው የማላዊ ሐይቅ ውስጥ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሲክሊድ ዝርያዎች ሲኖሩ፣ አብዛኛዎቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። በሱቆች የምታዩዋቸው ደማቅ ቢጫና ሰማያዊ ዓሦች ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ሐይቅ ቋጥኞች መካከል የሚኖሩት "ምቡና" የሚባሉት ናቸው። ሁለተኛው መካከለኛው አሜሪካ ነው፤ በዚያ በኩል እንደ እስረኛ ልብስ ባለ መስመሩ ኮንቪክትና በ1920ዎቹ በነበረው የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ስም የተሰየመው ጃክ ዴምፕሲ ይገኛሉ። ዓሣው የቦክሰኛ ስም ያገኘው በከንቱ አይደለም። ሦስተኛው ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ ኦስካርና ኤንጅል ፊሽ ከዚያ ናቸው። አዎ፣ ያ ክንፉን ዘርግቶ እንደ መጋረጃ የሚንሳፈፈው ኤንጅል ፊሽም ሲክሊድ ነው።

ለምን ይጣላሉ?

በሙያዬ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ በትምህርት ቤት ከተማርኩት ውስጥ ለአኳሪየም የጠቀመኝ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ አምርረው የሚፎካከሩት የተለያየ ዕቃ የሚሸጡ ሳይሆኑ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ ለአንድ ዓይነት ደንበኛ የሚሸጡ ናቸው። ዳቦ ቤትና ጫማ ቤት ጎን ለጎን ዓመታት ይኖራሉ። ሁለት ዳቦ ቤቶች ግን ይተያያሉ።

ሲክሊዶችም እንዲሁ ናቸው። አንድ ወንድ አብዝቶ የሚጠላው ራሱን የሚመስለውን ነው፤ የራሱን ዝርያ ሌላ ወንድ፣ ያ ከሌለ ደግሞ በቀለምና በቅርጽ የሚቀርበውን። ቦታውንም ሚስቱንም ሊቀማው የሚችለው እሱ ነውና። በቅርጹ፣ በቀለሙና በአኗኗሩ ፈጽሞ የማይመስለውን ዓሣ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ተራ መንገደኛ ያልፈዋል።

ኦስትሪያዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ኮንራድ ሎሬንዝ ስለ ቁጣ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሲክሊዶችን በሰፊው አንስቷል። ጥንድ ሲክሊዶች ለብቻቸው ሲቀመጡ፣ ወንዱ ቁጣውን የሚያወርድበት ጎረቤት ሲያጣ ወደ ራሱ ሚስት ይዞራል። በመስታወት ተለይቶ ሌላ ጥንድ ጎን ለጎን ቢቀመጥ ግን ወንዶቹ እርስ በርስ እየተፏከሩ፣ ቤታቸው በሰላም ይኖራል። በመካከላቸው ያለው መስታወት አልጌ ለብሶ ሲጨልም ደግሞ ወንዱ እንደገና ሚስቱ ላይ ይከፋል። ሎሬንዝ በእንስሳት ጠባይ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1973 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ለእኛ ለቤት አሳዳጊዎች ትምህርቱ ግልጽ ነው። ቁጡ ዓሣን ከሁሉም ለይቶ ማስቀመጥ ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም። ቁጣው እንዲበታተን የሚያደርግ ትክክለኛ ጎረቤት መምረጥ ግን መፍትሔ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ

ምርጫ የሚጀምረው ከጠባይ ሳይሆን ከውሃ ነው። የማላዊ ሐይቅ ውሃ ማዕድን ያለውና አልካላይን ነው፤ ፒኤች መጠኑ በአብዛኛው ከ7.7 እስከ 8.6 ይደርሳል። የታንጋኒካ ደግሞ ከዚያም ከፍ ብሎ ወደ 9 ይጠጋል። የአማዞን ተፋሰስ ዓሦች ግን የለመዱት ማዕድኑ ያነሰ፣ ለስላሳና ወደ አሲድ የሚያደላ ውሃ ነው። ስለዚህ ኦስካርንና ምቡናን በአንድ አኳሪየም ማኖር ሳይጣሉም ቢኖሩ አንዱን ወገን ያለ ባሕርዩ ውሃ ማኖር ነው። ጎልድፊሽ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ወዳድ ስለሆነ፣ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከሚፈልጉት ከእነዚህ ጋር ቦታ የለውም።

አዲስ አበባ ውስጥ የሁሉም ሰው ቧንቧ አንድ ዓይነት ውሃ አያወርድም። የለገዳዴ ግድብ ውሃ የሚደርሰው ቤትና የአቃቂ የጉድጓድ ውሃ የሚደርሰው ቤት በማዕድን መጠን ይለያያሉ። ስለዚህ ጎረቤታችሁ የነገራችሁን ሳይሆን የራሳችሁን ውሃ በመለኪያ ወረቀት ለኩ። ከክሎሪንም አትዘንጉ፤ ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ካልገባበት፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ክፍት ዕቃ ውስጥ ሊያድር ይገባል።

የሚገባው ድንጋይም ውሃውን ይለውጣል። ከድንጋዩ ላይ ጥቂት ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፤ ለማላዊ ዓሦች ጥሩ ነው፣ ለኦስካር ግን አይሆንም።

አፍ፣ ወለል፣ ቀለም

ውሃው ከተወሰነ በኋላ እያንዳንዱን ዕጩ ጎረቤት በሦስት ጥያቄ ፈትኑት።

የመጀመሪያው፦ *አፍ ውስጥ ይገባል?* ለአብዛኛው ሲክሊድ፣ አፉ ውስጥ የሚገባ ሁሉ ምግብ ነው። ይህ ጠብ አይደለም፤ ምሳ ነው። ስትመዝኑም የዛሬውን መጠን ሳይሆን ያደገውን መጠን መዝኑ። በሱቅ አምስት ሳንቲ ሜትር የሆነው ኦስካር ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ያውም በዓመት ከመንፈቅ ገደማ። ኤንጅል ፊሽ ከትናንሾቹ ኒዮን ቴትራዎች ጋር ለወራት በሰላም ኖሮ፣ አንድ ሌሊት ቁጥራቸው የሚቀንሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጉፒን ከምቡና ጋር ማስገባትም ውድ የዓሣ ምግብ ከመግዛት አይለይም።

ሁለተኛው፦ *የትኛው ወለል ላይ ይኖራል?* አኳሪየምን እንደ ፎቅ ቤት አስቡት። ምቡናዎች መሬቱንና ድንጋዩን የያዙ ባለ ምድር ቤቶች ናቸው። ከላይኛው ወለል የሚዋኝ ፈጣን ዓሣ ቦታ አይሻማቸውም። እንዲያውም ይጠቅማል፤ ከላይ ተረጋግቶ የሚዋኝ መንጋ ሲያዩ፣ ከታች ያሉት አደጋ እንደሌለ ስለሚረዱ ከመደበቂያቸው ይወጣሉ። ሌሊት የሚንቀሳቀስ የአምባዛ ወገን ደግሞ ቀን ዋሻው ውስጥ ስለሚውል አይጋፋም።

ሦስተኛው፦ *ይመስለዋል?* ሁለት ሰማያዊ ባለ ጥቁር መስመር ዝርያዎችን በአንድ ቤት አታኑሩ። አንዱ ቢጫ፣ ሌላው ቡናማ፣ ሦስተኛው ሰማያዊ ይሁን። መልካቸው በተራራቀ ቁጥር ጠባቸው ይቀንሳል።

በሦስቱ ላይ አራተኛ ልጨምር፤ ምግባቸው ይመሳሰል። አብዛኞቹ ምቡናዎች በተፈጥሮ ከድንጋይ ላይ አልጌ እየላጡ የሚኖሩ ናቸው። ሥጋ የበዛበት ምግብ ሆዳቸውን ይረብሻል ተብሎ በአሳዳጊዎች ዘንድ በጣም ይፈራል። ሥጋ በሊታ ጎረቤት ስትሰጧቸው ለአንዱ የሚስማማውን ሌላው መብላቱ አይቀርም።

ለቤታችሁ የሚሆኑ አራት ስብስቦች

*ለትልቅ ሳሎን፣ የማላዊ ስብስብ።* ቢያንስ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለውና 240 ሊትር ገደማ የሚይዝ አኳሪየም ያስፈልጋል። ከምቡናዎች መካከል ለስላሳ ጠባይ ካላቸው ጀምሩ፤ ቢጫው ላቢዶክሮሚስ፣ ዝገት መልኩ አዮዶትሮፊየስ፣ ከድንጋዩ ፈንጠር ብሎ መዋኘት የሚወደው ቢጫ ጅራቱ አሴይ። ከእያንዳንዱ ስድስት ገደማ፣ ለአንድ ወንድ ቢያንስ ሦስት ሴት ሆነው ይግቡ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ብቻ ከሆኑ መከራውን ሁሉ የምታየው አንዷ ሴት ናት። ከእነሱ ጋር ከታንጋኒካ የመጣው ነጠብጣባሙ ሲኖዶንቲስ የተባለ አምባዛ ሦስት ወይም አራት ሆኖ ይስማማል፤ ቆዳው ጠንካራ፣ ውሃውም አንድ ዓይነት ነውና። እንደ አውራቱስ ያሉትን፣ ሴቷ ወርቃማ ወንዱ ጥቁር የሚሆነውን ዝርያ ግን ከዚህ ለስላሳ ስብስብ አርቁ።

እዚህ ላይ አዲስ ጀማሪዎችን የሚያስገርም ነገር አለ። ምቡናዎች በጥቂቱ ሲቀመጡ ይበልጥ ይጣላሉ። አምስት ከሆኑ ጉልበተኛው አንዱን ለይቶ እስከ ሞት ያሳድደዋል። አሥራ ስምንት ከሆኑ ግን የትኛውን እንደሚያሳድድ ሳይወስን ሌላው ፊቱ ላይ ያልፋል፤ ዱላው ለብዙ ስለሚከፋፈል ማንም አይጎዳም። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ግን አለ፤ ጠንካራ ፊልተር፣ በየሳምንቱ የውሃውን ሩብ ያህል መቀየር፣ እንዲሁም በቂ አየር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካሉት ከተሞች ያነሰ ነው። ስለዚህ ከውጭ መጻሕፍት የተገለበጠውን የዓሣ ቁጥር ትንሽ ቀነስ አድርጉ፤ የአየር ፓምፕም ጨምሩ።

*ለአንድ "ባለ ሞገስ" ዓሣ፣ የኦስካር ቤት።* ኦስካር ባለቤቱን የሚለይ፣ ምግብ ሲቀርብ ወደ መስታወቱ የሚመጣ ዓሣ ስለሆነ ልጆች እንደ ውሻ ይወዱታል። ለአንድ ኦስካር ከ280 ሊትር ያላነሰ፣ ለሁለት 400 ሊትርና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ጎረቤቶቹ አፉ ውስጥ የማይገቡ የዚያው የደቡብ አሜሪካ ልጆች ይሁኑ፤ አምስት ወይም ስድስት ሆነው የሚዋኙ ሲልቨር ዶላሮች፣ አንድ ሴቬረም፣ ከታች ደግሞ መስታወት የሚልስ ትልቅ ፕሌኮ። ይህ ስብስብ በሙሉ ሲያድግ ግን ሁሉም ትልልቅ ስለሚሆኑ፣ ከ400 ሊትር በታች ሆኖ ሁሉንም ማሰብ አይገባም። ተክል የተከላችሁ እንደሆነም በማግስቱ ተነቅሎ ብታገኙት አትደነቁ።

*ለመካከለኛ ቤት፣ የመካከለኛው አሜሪካ ስብስብ።* ጥንድ ኮንቪክት ልጆቹን ሲጠብቅ ማየት ለልጆች ትልቅ ትምህርት ነው። አባትና እናት በፈረቃ ዘብ ይቆማሉ፤ ጫጩቶቹን እየመሩ ያሰማራሉ። ነገር ግን በዚያ ወቅት ግማሹን አኳሪየም ከማንም ያጸዳሉ። ስለዚህ የሚሻለው ከኮንቪክት ይልቅ ፋየር ማውዝን መጀመር ነው። ይህ ዓሣ ቀይ ጉሮሮውን ነፍቶ ሲፎክር ያስፈራል፤ ይሁንና አብዛኛው ፉከራ ብቻ ነው። 200 ሊትር አካባቢ በሆነ አኳሪየም ከአንድ ጥንድ ጋር የላይኛውን ወለል የሚይዙ የሶርድቴይል መንጋ ቢገቡ፣ ሁለቱም ከአንድ አካባቢ የመጡ ስለሆኑ ውሃው ይስማማቸዋል። የሶርድቴይል ጫጩቶች ግን ይበላሉ፤ ይህን አስቀድሞ ለልጆች መንገር ይሻላል።

*ለአፓርታማ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ነዋሪዎች።* ሁሉም ሰው 240 ሊትር የሚያኖርበት ሳሎን የለውም። ከታንጋኒካ የመጡት ሙልቲፋሲያተስ የተባሉ ሲክሊዶች አምስት ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞሉም። በባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ ይኖራሉ፤ ይወልዳሉ፤ ያሳድጋሉ። 80 ሊትር፣ ደቃቅ አሸዋና ከዓሦቹ ቁጥር የበለጡ ቅርፊቶች ይበቋቸዋል። ቁጣቸው ከቅርፊታቸው ደጃፍ ብዙም አይርቅም። እጃችሁን ስታስገቡ ጣታችሁን ሊነክሱ ይመጣሉ፤ ቢያስቅ እንጂ አያሳምምም። እዚህ ቤት ሌላ ጎረቤት ባይገባ ነው የሚሻለው። ቤተሰቡ ራሱ ማኅበረሰብ ነው።

ማን አስቀድሞ ይግባ?

ዓሣ ከመግባቱ በፊት ፊልተሩ ውስጥ ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች መራባት አለባቸው። የዓሣው ቆሻሻ አሞንያ ይሆናል፤ አንዱ ባክቴሪያ አሞንያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ጉዳቱ ወዳነሰው ናይትሬት ይለውጠዋል። ይህ ሥርዓት እስኪቆም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ባልበሰለ ውሃ ውስጥ የገባ ዓሣ ይጨነቃል፤ የተጨነቀ ዓሣ ደግሞ ወይ ይታመማል ወይ ይጣላል።

ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው። ገራሙ ይቅደም፤ ቁጡው ይከተል። ቀድሞ የገባ ሁሉ ቤቱ የእኔ ነው ስለሚል፣ ጉልበተኛውን መጀመሪያ ካስገባችሁ የኋለኞቹን ሁሉ እንደ ወራሪ ይቀበላቸዋል። ምቡናዎችን ከሆነ ልጅ ሳሉ፣ በተቀራራቢ መጠንና ከተቻለ በአንድ ጊዜ ማስገባት ይመረጣል።

ዘግይቶ የሚጨመር ካለ፣ ድንጋዮቹን ሁሉ አንስታችሁ በአዲስ መልክ ደርድሩ። የቀድሞው ወሰን ስለሚፈርስ ነባሮቹም እንደ አዲስ ቤት ፈላጊ ይሆናሉ። ከዚያ ነባሮቹን መግባችሁ፣ መብራቱን አጥፍታችሁ አዲሱን ልቀቁት። ሲነጋ ሁሉም እኩል እንግዳ ነው። ድንጋይ ስትደረድሩ መውጫ የሌለው ዋሻ አትሥሩ፤ ሁለት በር ያለው ይሁን። ከባድ ድንጋይም በአሸዋው ላይ ሳይሆን ከሥር መስታወቱ ላይ ስስ ፕላስቲክ ተነጥፎ ይቀመጥ፤ ቆፋሪዎች ናቸውና አሸዋውን ሲያወጡ ድንጋዩ ሊናድ ይችላል።

ሰላም ሲደፈርስ

ሁሉም ማሳደድ ጠብ አይደለም። ለሁለት ሰከንድ አባሮ የሚመለስ ዓሣ ወሰኑን እያሳየ ነው። ሊያሳስባችሁ የሚገባው አንዱን ዓሣ ብቻ እየለየ፣ ከወሰኑ አልፎ፣ እስከ ማዕዘን የሚከተል ነው። ተጠቂውም ይታወቃል። ከውሃው ጫፍ ወይም ከማሞቂያው ጀርባ ተለጥፎ ይውላል፤ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ክንፉን ያጥፋል፤ ለምግብ አይወጣም። ይህን ባያችሁበት ቀን ለዩት። "ይለምዳል" እያሉ መጠበቅ ዓሣውን ያስገድላል።

ማንን እንለይ? ብዙዎች ተጠቂውን ያወጣሉ፤ ለሕክምና ከሆነ ልክ ናቸው። ነገር ግን ተጠቂው ሲወጣ ጉልበተኛው ሌላ ይመርጣል። ስለዚህ የሚሻለው ጉልበተኛውን ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት አውጥቶ፣ ድንጋዩን ለውጦ፣ መጨረሻ ላይ መመለስ ነው። ሲመለስ እንግዳው እሱ ነው።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቤት ያለው አኳሪየም ውስጥ አንድ ወንድ አውራቱስ አምስት ዓሣ ጨርሷል። ማውጣት፣ ድንጋይ መለወጥ፣ መመለስ ሁሉ ተሞከረ፤ አልሆነም። በመጨረሻ እንደሱ ያሉ ቁጡ ዝርያዎች ብቻ ባሉት ሰፊ አኳሪየም ለሚያሳድግ ሰው ተሰጠ። የአሥር ዓመት ልጇ ዓሣው ሲወሰድ "መጥፎ ስለሆነ ነው?" ብላ ጠየቀቻት። እናቲቱ "አይ፣ መጥፎ አይደለም፤ ያስቀመጥነው ከማይሆኑት ጋር ነበር" አለቻት። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኔም የለኝም።

መብራት ሲጠፋ

ብዙ ዓሣ ያለበት አኳሪየም ፊልተሩ ሲቆም ብዙ አይታገስም። በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ የአየር ፓምፕ ከመጀመሪያው ዕቃችሁ ጋር ግዙ። መብራት በጠፋበት ሰዓት አትመግቡ፤ የበላ ዓሣ ኦክስጅን ይፈጃል፤ ውሃም ያቆሽሻል። በክረምትና በኅዳር ብርድ አኳሪየሙን በብርድ ልብስ ሸፍኑት፤ ሙቀቱ በዝግታ ይወርዳል። በውጭ የሚቆም ዝግ ፊልተር ለብዙ ሰዓት ቆሞ ከነበረ፣ መብራት ሲመጣ ወዲያው አታስነሱት። ውስጡ የታፈነውን ውሃ ደፍታችሁ፣ ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ አለቅልቃችሁ መልሱት።

የማይስማማውን ወደ ሐይቅ አትልቀቁ

ለቢሾፍቱ ወይም ለሐዋሳ ሽርሽር ስትወጡ "እዚያ ነፃነት ያግኝ" ብሎ የከበደን ዓሣ መልቀቅ ደግነት ሊመስል ይችላል። አይደለም። የተሳሳተ ጎረቤት በአንድ ሐይቅ ላይ ምን እንደሚያደርግ ከጎረቤቶቻችን አይተናል። ናይል ፐርች በእኛው ጫሞ ሐይቅ ከጥንትም የነበረ፣ ከሌሎቹ ጋር ተለማምዶ የኖረ ትልቅ ዓሣ ነው። ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ግን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሰው እጅ ገባ። የዚያ ሐይቅ ትናንሽ ሲክሊዶች እንዲህ ያለ አዳኝ አያውቁም ነበር። በ1980ዎቹ ቁጥሩ ሲፈነዳ፣ ከሌሎች ችግሮች ጋር ተደምሮ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ የሲክሊድ ዝርያዎች እንደጠፉ ይገመታል። ያው ዓሣ በአንዱ ሐይቅ ነባር ነዋሪ፣ በሌላው አጥፊ ሆነ።

ስለዚህ የማይስማማ ዓሣ ካለ ወደ ሱቁ መልሱት፤ ካልተቀበሉ ለሌላ አሳዳጊ ስጡ። ከመግዛታችሁ በፊትም ሻጩን "ካልተስማማ ትቀበሉኛላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ስለ ሱቁ ብዙ ይነግራችኋል።

ከመግዛታችሁ በፊት በወረቀት ላይ

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ወረቀት አውጡ። ልጆቹ ይጻፉት። የምትፈልጉትን ዓሣ ስም በአንድ መስመር፣ ከጎኑም እነዚህን መልሱ፦

ሲያድግ ስንት ሳንቲ ሜትር ይሆናል? ከየትኛው ውሃ ነው የመጣው? የትኛው ወለል ላይ ይኖራል? ምን ይበላል? ቀለሙ ከማን ጋር ይመሳሰላል? ለብቻው፣ በጥንድ ወይስ በመንጋ ይኖራል?

ሁለት ዓሦች በመጠንና በውሃ ካልተገናኙ፣ አንዳቸውን ሰርዙ። የሚሰረዘው የልጃችሁ ተወዳጅ ቢሆን ያለቅሳል፤ ይሁን። ወረቀት ላይ የተሰረዘ ዓሣ ሱቁ ውስጥ በሕይወት ይኖራል። ሳይሰረዝ የተገዛው ግን ከወራት በኋላ ውሃው ላይ ተንሳፎ ሊያስለቅሰው ይችላል።

መልካም ወር ይሁንላችሁ።